የሰደቃው ወተት

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የሞቱት በልጃቸው ሰደቃ ዕለት ነው። ግንቦት 2004 ዓ.ም.፣ ረቡዕ በስድስት ሰዓት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው ዱዓ ተቀምጠው ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ፣ አልጋ ጠፍቶ በተነጠፈላቸው ሰሌን ላይ ነፍሳቸው ወጣች።

ኢንስፔክተር ምስክር ረዳ ሲደርስ ፊታቸው በራሳቸው ጋቢ ተሸፍኗል። ግራና ቀኙን አሥር ሰው ተኝቷል። ገሚሱ ያስመልሰዋል፣ ገሚሱ ሆዱን አቅፎ ያቃስታል። የግሉኮስ ማንጠልጠያው አልቆ አንዲት ነርስ ከረጢቱን በእጇ ሽቅብ ይዛ ቆማለች። ምስክር በሃያ ዓመት የፖሊስ ኑሮው በጥይትም፣ በጦርም፣ በገመድም የሞተ ሰው አይቷል። ከአንድ ማዕድ የተነሳ አሥራ አንድ ሰው ባንዴ ሲወድቅ ግን አላየም።

«ምን በልተው ነው?» ሲል ጤና መኮንኑን ሙሉአለምን ጠየቀው።

«ሥጋውን ያልበላ አለ፣ ዳቦውን ያልነካ አለ። ማር የገባበትን ወተት ግን ሁሉም ጠጥቷል።»

«ወተቱስ የማን ነው?»

ሙሉአለም በአገጩ ወደ ጥጉ አመለከተ። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት የስድስት ዓመት ልጇን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። «የሷ። ፈዲላ ትባላለች፣ የሟቹ ምራት። ባሏ ከማል ጂቡቲ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ዓመቱ ነው፤ ሰደቃውም የሱ ነበር። ያቺ ኑርሀያት ናት፣ ልጇ። እሷም ጠጥታለች።»

በሩ ላይ አንድ ሠላሳ ያልሞላው ጎልማሳ ግንቡን በግንባሩ እየመታ ያለቅሳል። የግራ እጁ ሌባ ጣት በጨርቅ ተጠምጥሟል። የሟቹ ታናሽ ልጅ፣ የፈዲላ ዋርሳ ባድሩ ነው። ምስክር ትከሻውን ይዞ ወደ ውጭ አወጣው።

«አንተስ አልታመምክም?»

«ጾመኛ ነበርኩ ጌታዬ። ካለፈው ረመዳን የቀረብኝን ቀዷ እየጾምኩ ነበር። አላህ አተረፈኝ።» እንባውን በተጠመጠመው ጣቱ ጠረገ። «በሬው ሲታረድ ጣቴን ቆረጥኩ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ደግ እንዳልሆነ የገባኝ።»

*

በማግስቱ ጠዋት ምስክር ወደ አርዲቦ የሚወጣውን ጠመዝማዛ በሞተር ሳይክል ወጣው። አስከሬኑ ለምርመራ ደሴ በመወሰዱ መንደሩ አኩርፏል። «የሙስሊም ሬሳ አይቆይም፣ ይህን አታውቅም?» አሉት አንድ ሽማግሌ። ምስክር የአምባሰል ልጅ ነው፤ ለሙስሊም ጎረቤት መቃብር ሲቆፍር ያደገ ክርስቲያን። ያውቃል። ማወቁ ግን ነገሩን አላቀለለትም። ከሆዳቸው የተወሰደው ናሙና አዲስ አበባ ተልኳል፤ መልሱ ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚነግረው አልነበረም።

ፈዲላን በረቱ ደጃፍ አገኛት። ክልስ ላሟ፣ ነጭና ጥቁር፣ ከኋላዋ ቆማለች።

«ወተቱን እንዴት እንዳዘጋጀሽ አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«የማክሰኞ ማታውን አለብኩ፤ ክዳን ገጥሜ ጓዳ አሳደርኩት። የረቡዕ ጠዋቱን ጨመርኩበት። እንግዳ ስለሚበዛ ከጎረቤቴ ከመንበረ ትልቁን ድስት ተዋስኩ። ከዚያ አፈላሁት።»

«በደንብ ፈልቷል?»

«ሦስት ጊዜ ነው ያገነፈልኩት! ወላሂ ሦስት ጊዜ! የፈላ ወተት ሰው ይገድላል?»

ይህን ምስክርም አያውቅም ነበር። ድስቱ ሥር የቀረችውን ወተትና ያልታጠበውን ማለቢያ አሽጎ ይዞ ሄደ፤ ሙሉአለምን ለምኖ ክትባት ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠው።

ጎረቤቱ የሚያወራው ሌላ ነው። ከማል ለሚስቱ ትቶት የሄደ፣ ሐይቁ ዳር፣ ውኃ የሚገባው ሁለት ጥማድ መሬት አለ። ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ነው። ሐጂው መሬቱ ለባድሩ እንዲሆን ይፈልጉ እንደነበር፣ ከሁለት ወር በፊትም ፈዲላ ደጅ ቆማ «እኔን ቀብራችሁ ካልሆነ አትወስዱትም!» ብላ እንደጮኸች ሦስት ሰው መሰከረ።

*

እሑድ ጠዋት ባድሩ አራት ሽማግሌ አስከትሎ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀይ ክዳን ያለው የተባይ መድኃኒት ነው፤ ሩቡ ጎድሏል።

«ከላሟ ግርግም ውስጥ፣ ከገለባው ሥር። ላሟን ላበላ ገብቼ ነው ያገኘሁት» አለ። ሽማግሌዎቹ ሲያወጣው አይተዋል።

ምስክር ሐሙስ ዕለት በረቱ ደጃፍ ቆሞ ሲያወራ ግርግሙን እጁን ሰዶ አለመፈተሹ ትዝ አለው።

ፈዲላን ሲይዟት አልጮኸችም። አማቷ እማማ ዑምኩልሱም ባላቸው ከሞቱ ገና አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ከቤት አይወጡም። ከበሩ ውስጥ ሆነው «በልጄ ሰደቃ ባሌን!» አሉና መሬት ላይ እንትፍ አሉ። ኑርሀያት ልብሳቸውን ይዛ ቆማለች። ጎረቤት መንበረ ላሟን እያለበች ወተቱን እንድትደፋ ምስክር አዘዛት።

ማታውን አለቃው ኮማንደሩ ደወለ። «መሬት አለ፣ ጠብ አለ፣ ጠርሙሱ አለ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«የአዲስ አበባውን መልስ።»

«እሱ እስኪመጣ ክረምቱ ይገባል። የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ አስይዝ።»

አስያዘ።

*

ሰኞ ሙሉአለም ጠርሙሱን በብርሃን አየው። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተውና ራሱን ነቀነቀ።

«ምንድነው?» አለ ምስክር።

«ይህን የጠጣ ሰው በየዓመቱ ይመጣልኛል፤ የተጣላ፣ ተስፋ የቆረጠ። ምራቁ ይዝረበረባል። ያልበዋል። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ ያህላል፤ ሽታው ደግሞ ከክፍሉ ሦስት ቀን አይወጣም። ረቡዕ ከመጡት አሥራ አንዱ ላይ ይህን አላየሁም። አስመለሳቸው፣ አስቀመጣቸው፣ በማግስቱ ቆመው ሄዱ። ሽማግሌው ልባቸውም ኩላሊታቸውም ደካማ ስለነበር ውኃ ሲያልቅባቸው አልቻሉም።»

«መርዝ አይደለም እያልከኝ ነው?»

«መርዝማ መርዝ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አይመስለኝም።»

ምስክር ሐሳቡ ወደ ድስቱ ሄደ። የተባይ መድኃኒት ተበጥብጦበት ካልሆነ ሌላ ነገር ገብቶበት ይሆናል። መንበረ ይህን ስትሰማ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«በዚህ ድስት ለጊዮርጊስ ዝክር ሽሮ እሠራበታለሁ፤ ለሐጂ ቤት መውሊድ ቂንጬ ይሠራበታል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሆዱን አሞት አያውቅም! ይልቅ ያቺን የግት ሐኪም ጠይቃት።»

«የቷን?»

«በረዶ ሳጥን ተሸክማ የየላሙን ጡት እየጠረገች በብልቃጥ ወተት ስትወስድ የነበረችው። ከወር በፊት ይሆናል። እዚህ መንደር ያልገባችበት በረት የለም።»

*

ማርታ የሃያ ሰባት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። ምስክር ማክሰኞ ኮምቦልቻ ድረስ ሄዶ አገኛት። ከአርዲቦ እስከ አምባሰል ካሉ መንደሮች ከመቶ ሠላሳ ላሞች ወተት ሰብስባለች። የምታጠናው ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ የሚታይ፣ የላም ግት ውስጥ ገብቶ የሚያቆስል ተህዋሲ።

«ላሟ ታማ ከሆነ ባለቤቷ እንዴት አታውቅም?» አላት።

«ብዙዎቹ ምልክት የላቸውም። ግቱ አያብጥም፣ ወተቱ ነጭ ነው። ባክቴሪያው ግን አለ።»

«ሦስት ጊዜ ፈልቷል።»

ማርታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ሲለዋወጥ ምስክር አየ።

«መቼ ነው የታለበው?»

«ገሚሱ በዋዜማው ማታ።»

«በዚህ ሙቀት አድሮ?» እያንዳንዱን ቃል ረገጥ አድርጋ ተናገረች። «ባክቴሪያው በእሳት ይሞታል። ሲያድር የሚተፋው መርዝ ግን እሳት አይፈራም። ሦስት ጊዜ ቢገነፍል፣ አሥር ጊዜ ቢገነፍል እዚያው ነው። የጠጣ ሰው በሁለት፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል።»

ምስክር ያሸገውን ወተትና ማለቢያውን አስረከባት። መዝገቧን አመጣች። አርባ አንደኛው ቁጥር ላይ ጣቷ ቆመ፦ አርዲቦ፣ ክልስ ላም፣ የኋላ ግራ ግት፤ ባክቴሪያው ተገኝቷል፤ ፔኒሲሊን አይመልሰውም። ‹ባለቤት› በሚለው ሥር የተጻፈው «ከማል ዘይኑልአቢዲን» ይላል።

«ይህ ሰው ያን ጊዜም ሞቶ ነበር» አላት።

«ግቢ ውስጥ ያገኘሁትን ሰው የማን ቤት ነው ብዬ ጠየቅሁ። የከማል ቤት አሉኝ፤ ጻፍኩ።»

«ላሟን ይዛ ያለበችልሽ ማን ናት?»

«እሷ ናት። ፈዲላ።» ድምፅዋ ወረደ። «ውጤቱ ሲደርስ ዝም አላልኩም። የታመሙትን ላሞች ዝርዝር ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለዝናቡ ሰጠሁት። ለየቤቱ እነግራለሁ፣ መድኃኒትም አደርሳለሁ ብሎ ፈርሞ ነው የወሰደው። ከሰደቃው በፊት ባለው ሐሙስ።»

*

ዝናቡ ረቡዕ ማለዳ ቢሮው ደጅ ላይ ተገኘ። ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነው።

«ነግሬያታለሁ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ዓርብ ከሰዓት ቤቷ ሄጄ፣ ለራሷ፣ በጆሮዋ። ‹ላምሽ ታማለች፣ ወተቱን ለሰው አትስጪ› አልኳት። ‹መርሐባ› አለችኝ።»

ምስክር ጠርሙሱን ረስቶ ሴትየዋን ነፃ ሊያወጣት ደርሶ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ከጠርሙሱም የባሰ ሆነ። ወተቱ የበሽተኛ ላም መሆኑን እያወቀች ለአማቷ ቀድታ ከሰጠች ሌላ መርዝ አያስፈልጋትም።

ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ፈዲላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ዝናቡ ዓርብ ዕለት ስለ ላምሽ ነግሮሽ ነበር?»

«ስለ ላሜ ምን?»

ነገራት። ቃሉን እስኪጨርስ አፏን ከፍታ ሰማችው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ «ኑርሀያትን አጠጣኋት» አለች። ቀና ስትል ዓይኗ ደርቋል። «ዓርብ እቤቴ አልነበርኩም። ልጄን ዓይኗን አሟት ደሴ ሆስፒታል አሳክሜያት፣ ለመግሪብ ሶላት ነው የተመለስኩት። ካርዷ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ሲይዙኝ የወሰዳችሁት ቦርሳ።»

ካርዱ ነበረ። የዓርብ ቀን ማኅተም አለበት፤ ሰዓቱም ዘጠኝ ተኩል ይላል። ምስክር ወደ ዝናቡ ቢሮ ሲመለስ በሩ ተቆልፏል። ስልኩ ጠፍቷል። ጎረቤቱ «እናቴን አሟታል ብሎ ውጫሌ ሄደ» አለው።

*

ሐሙስ ጠዋት ምስክር ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ሐይቅ ከተማ ካሉት የእርሻ መድኃኒት መደብሮች ይህን ዓይነት የሸጠ አልነበረም፤ የአምባሰል ገበሬ ግን የሚገዛው ውጫሌ ነው። ዝናቡ ውጫሌ፣ ጠርሙሱም ውጫሌ። ዋሾው ሰው ጠርሙሱንም ያስቀመጠ ሰው ነው ብሎ በልቡ ወስኗል።

መንገድ ላይ ማርታ ደወለች። «ማለቢያው ላይ ያገኘሁት ባክቴሪያ ያው ነው። ከላሟ የወሰድኩት፣ ያው ዓይነት፣ ያንኑ መድኃኒት የሚቋቋም።» ከዚያ «ሴትየዋ እንዴት ናት?» አለች።

«ታስራለች» አላት።

ባለመደብሩ ወልዴ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ጠርሙሱን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ።

«ይህ ከኔ ነው። ቀይ ክዳን ያለው ቅዳሜ ጠዋት ነው የገባልኝ። እስከዚያ የነበረው ነጭ ክዳን ነው፤ ፋብሪካው ለውጦታል።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ያለፈው።»

ሰደቃው የረቡዕ ነው። ምስክር ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ መለሰው። ሐጂው ከሞቱ በሦስተኛው ቀን አገር ውስጥ የገባ ጠርሙስ ማንንም ሊገድል አይችልም።

«ቅዳሜ ለማን ሸጥክ?»

«ለሦስት ሰው። ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው። ሦስተኛው ትዝ ይለኛል፤ ለምንድነው ስለው ‹ለሽንኩርት› አለኝ። ይህ የጎተራ ነቀዝ መድኃኒት ነው፣ ሽንኩርት ላይ አይረጭም ስለው ‹ግድ የለም፣ ስጠኝ› አለ።»

«ቀጭን ነው? ዓይኑ የሚቅበዘበዝ?»

«የለም፤ ጎበዝ ነው፣ ደረቱ ሰፊ። ሐዘን ላይ ያለ ይመስላል። ግራ እጁን ሌባ ጣቱን በጨርቅ አስሮ ስለነበር ቦርሳውን እኔ ነኝ የከፈትኩለት።»

*

ዝናቡን እናቱ ቤት፣ ከጓሮው ጌሾ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ለመሸሽ አልሞከረም። ምስክር የሆስፒታሉን ካርድ አሳየውና ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ማንን ነው የነገርከው ዝናቡ?»

«ባድሩን።» ቃሉ ሲወጣ ትከሻው ረገበ። «ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ ሐይቅ ከተማ አገኘሁት። አርዲቦ ድረስ ከመውጣት ብዬ… የቤቱ ወንድ እሱ ነው ብዬ። ‹የምራታችሁ ላም ታማለች፤ ወተቷን የጠጣ ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፤ መድኃኒት እስካመጣ ድረስ ይደፋ ብለህ ንገራት› አልኩት። ‹እነግራታለሁ› አለኝ። መድኃኒቱን ግን አላደረስኩም። ሰኞ እሄዳለሁ፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ ስል ረቡዕ ሰውየው ሞቱ። ያን ጊዜ ፈራሁ።»

«ስለ ፈራህ ሴትየዋን ልታሰቅላት ነበር።»

ዝናቡ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ምስክር እየተመለሰ ነገሩን አገላበጠው። ጠርሙሱ ባድሩ የሐሰት ማስረጃ እንዳኖረ ያሳያል። ሐዘን አሳብዶኝ ነው፣ እሷ ናት ብዬ ስላመንኩ ነው ሊል ይችላል። ወተቱን አስቀድሞ ማወቁ ግን የዝናቡ ቃል ብቻ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አንድ ጊዜ ዋሽቷል። በዚያ ረቡዕ ባድሩ አጠገብ ማን ነበር?

*

እማማ ዑምኩልሱም ጨለም ያለው ክፍል ውስጥ ነጭ ለብሰው፣ ሙስበሐቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል።

«አላህ ያጽናዎት እማማ።»

«አሚን ልጄ። ግባ።»

«ስለዚያ ቀን ትንሽ ልጠይቅዎት። ባድሩ ጾመኛ ስለነበር ወተቱን አልጠጣም ብሎኛል።»

«ጾም?» አሮጊቷ ግራ ገባቸው። «ጾም የለበትም። በሬው እንደታረደ ጉበቱን ጠብሼ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ጣቱን ቆርጦት ስለነበር በጄ ነው ያጎረስኩት።»

ምስክር አልጻፈም። እጁን ከማስታወሻው ላይ አነሳ።

«ወተቱ ሲመጣስ?»

«ወተቱማ… ዱዓውን ለሚመሩት ሸህ ተቀዳ፣ ቀጥሎ ለሐጂ። ባድሩ አጠገባቸው ነበር። ጽዋውን ያዘባቸው። ‹አባዬ አንቱ አይጠጡ፣ ሆድዎን ያምዎታል› አላቸው። ሐጂ ሳቁበት። ‹የልጄን ሰደቃ ሳልቀምስ?› አሉና እጁን ገፍተው ጠጡ። እሱም ተነሥቶ ወጣ። አባቱን ይወዳል ባድሩ፣ ሁልጊዜ ስለ…»

ሙስበሐው ቆመ።

ውጭ አንድ ዶሮ ታስካካለች። እማማ ዑምኩልሱም አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ፤ ዓይናቸው ምስክርን ለቆ ግድግዳው ላይ፣ ከዚያም ባዶው የሐጂ መቀመጫ ላይ ሄደ። ጥያቄውን ራሳቸው ጠየቁት።

«እንደሚያማቸው በምን አወቀ?»

ምስክር የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው፤ ላሟን፣ ዝናቡን፣ ውጫሌን። ምንም አላስቀረም። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ቀንሶ መንገር ስድብ መሰለው።

አቀርቅረው «ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?» አሉ።

«ቃላቸውን ከሰጡት ይህን ያነሳ የለም። ሸሁም ጆሯቸው አይሰማም» አላቸው።

«እኔ ረሳሁት ብልህስ?»

«እኔ ላስገድድዎት አልችልም እማማ። ፈዲላ ግን ከማረፊያ ቤት የምትወጣበትን ቀን አላውቅም።»

«ሦስት ወንድ ነበረኝ በዚህ ቤት» አሉ። «አንዱን ጂቡቲ መንገድ በላው። አንዱን በረቡዕ አጣሁ።» ሦስተኛውን አልጠሩትም። ጓዳ ውስጥ ኑርሀያት ለብቻዋ የምታወራው ይሰማል። አሮጊቷ አዳመጧት። ከዚያ ቀኝ አውራ ጣታቸውን በልብሳቸው ጫፍ ጠርገው ዘረጉለት።

«ጻፍ። ያልኩትን ጻፍና ቀለሙን አምጣ።»

*

ባድሩን ማታውን አመጡት። ጣቱ ሽሯል፤ ጨርቁ ወልቋል። ውጫሌ ሄጄ አላውቅም አለ። ዝናቡ ጠላቴ ነው አለ። ምስክር ሁሉንም ሰማው።

«አባትህን ‹አይጠጡ› ያልካቸው ለምንድነው?»

ባድሩ ቀና አለ። «ማን ነገረህ?»

«እናትህ።»

ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ፈረሰ። ምስክር ውኃ ሰጠው፤ ብርጭቆውን ያዘ እንጂ አልጠጣም።

«ሰው ይሞታል አላለኝም» አለ። «ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል ነው ያለኝ። ሰው ፊት እንድትዋረድ ነበር። ወተቷን ሰው ከጠላው ላሟን ትሸጣለች፤ ላም ከሌላት መሬቱን ይዛ ምን ትበላለች፤ ወደ እናቷ አገር ትሄዳለች ብዬ። አባቴን ከለከልኳቸው። ጽዋውን ያዝኩባቸው፣ ወላሂ ያዝኩባቸው። ሰው እያየ ስለነበር አልነጠቅኋቸውም።»

«ከዚያስ ጠርሙሱ?»

«ሲሞቱ…» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ወይ እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ ወይ እሷ ናት። እኔ መሆን አልቻልኩም።»

ምስክር የጻፈውን አነበበለት። ባድሩ ፈረመ። ተረኛው ፖሊስ ሲወስደው በሩ ላይ ዞር ብሎ «እናቴ እየበላች ነው?» ብሎ ጠየቀ።

*

ፈዲላ ዓርብ ተፈታች። ጣቢያው በር ላይ ማርታ ከማለዳ ጀምሮ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። መድኃኒትና አንድ ወረቀት ይዛለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «ውጤቱን በጊዜው ሰጥቼ ነበር…»

«ላሟን ያለብኩልሽ እኔ ነኝ» አለች ፈዲላ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ደክሟታል። «ስታጥቢያት ቀንዷን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ። ጠዋት የማልባት፣ ማታ የማልባት እኔ ነኝ። ላሟ የኔ ናት። ታዲያ እኔን ማን ነገረኝ?»

ማርታ አጎንብሳ አለቀሰች። ፈዲላ አየቻት፤ ከዚያ መድኃኒቱን ከእጇ ወሰደችና «እንዴት ነው የሚሰጠው? አሁን ለኔ ንገሪኝ» አለች።

ምስክር ሁለቱን በባጃጅ ወደ አርዲቦ አደረሳቸው። መንደሩ ደጅ ደጁን ቆሞ ያያል፤ ሰላም ያለ ግን መንበረ ብቻ ነች። ማርታ ከፈዲላ ጋር በረት ገብታ መድኃኒቱ በታመመው ጡት እንዴት እንደሚገባ አሳየቻት፤ ፈዲላም ራሷ አስገባችው። ከዚያ ማለቢያ አምጥታ ቁጭ አለችና አራቱንም ጡት አለበች። ሞቅ ያለ፣ ነጭ፣ አረፋ ያለው ወተት ነው፤ ምንም የሚያስጠላ ነገር አይታይበትም። ተነሥታ በረቱ ጀርባ አፈር ላይ ደፋችው።

እማማ ዑምኩልሱም ጓሮው በር ላይ ቆመው ያያሉ። ካሰሯት ቀን ጀምሮ የተያዩት አሁን ነው።

«እስከ መቼ ነው የሚደፋው?» አሉ።

«ሦስት ሳምንት ብላለች ዶክተሯ።»

«ከዚያ በኋላስ ወተቱን ማን ካንቺ ይገዛል?»

«አላውቅም። ማንም አይገዛ ይሆናል።» ፈዲላ ማለቢያውን በውኃ አለቀለቀች። «ኑርሀያትን ይዤ እናቴ አገር ብሄድ ይሻላል መሰለኝ። እዚህ ዓይናችሁን ማየት… እርስዎም የኔን ማየት አይሆንልዎትም።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ይዘው ሁለት እርምጃ ቀረቡ። ምስክር ከባጃጁ አጠገብ ሆኖ ሊሄድ ሲል ድምፃቸውን ሰማ፤ ሳይጮኹ፣ ሳያለቅሱ ነው የተናገሩት።

«አንዱን ልጄን መንገድ ወሰደው። አንዱን በገዛ ጣቴ ለመንግሥት ሰጠሁት። ልጄን ሰጥቼ ነው አንቺን ያመጣሁ ፈዲላ። አንቺ ደግሞ አትሂጂብኝ።»

ፈዲላ ማለቢያውን እንደያዘች ቆመች። ወደ ቤት ለመግባት ስትዞር ግን፣ አሮጊቷ ደፉን መሻገር እንዳቃታቸው አየችና እርጥብ እጇን ዘረጋችላቸው።